አልጠፋሁም፤ ገበያ ወጥቼ ነው

ሶዶ ውስጥ ባጃጅ በተሳፈርኩ ቁጥር አንድ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም። በቀደም ከመናኸሪያ ስመለስ ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና፣ «እማማ፣ እዚያ ቻይና አገር ጠፍተው የተገኙት እናት እርስዎ አይደሉም?» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ አፏን ያዘች። ወዲያው ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ቪዲዮውን ልታሳየኝ፤ የራሴን ፊት ለራሴ!

«አይቼዋለሁ» አልኳት።

«ውይ እናቴ! እንዴት ፈርተው ይሆን!» ከንፈሯን መጠጠች።

አልፈራሁም። አልጠፋሁምም። ይሄን ባጃጅ ላይ መናገር አይበቃም፤ እኔ ወርጄ ስሄድ እነሱ ወሬውን ይዘው ይቀጥላሉ። ስለዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን ከሱቅ ታፔላና ከመኪና ጀርባ ለቃቅሜዋለሁ። አማርኛዬ ውስጥ ወላይትኛው ብቅ ቢልባችሁ ቻሉት። እኔም የእናንተን ስችል ነው የኖርኩት።

ቪዲዮው ላይ ያለው ይሄ ነው። ነጠላ ያጣፋች ጥቁር አሮጊት በቻይናዎች መሃል ቆማለች። አንድ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራለች፤ ጣቷ ላይ ነጭ ነገር አለ። ትጮኻለች። ሰው ከቧታል፤ መጨረሻ ላይ ፖሊስ ይመጣል። አንዱ የሚያስቅ ሙዚቃ ጭኖበታል። ከሥሩ ደግሞ «ምስኪን! ቋንቋ ሳይችሉ ለምን ይወስዷቸዋል?» የሚል ሞልቷል። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልቀረጸም። እሱን እኔ ልናገር።

ዕድሜዬን በሙሉ ቅቤ ነግጃለሁ። ቦዲቲ ገዝቼ ቆላ ወርጄ ተበላ ገበያ እሸጣለሁ፤ ሲያሰኘኝ ቢጠና ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። መኪና ሞልቶ ለምን በእግርሽ ይሉኛል። መኪና ላይ ሰው አይገኝም፤ ሁሉም ወደ ፊት ነው የሚያየው። መንገድ ላይ ግን ሰላምታ አለ፣ ጠብ አለ፣ ወሬ አለ። ልጆቼ «የእማዬ እግር ቤት አይወድም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አይወድም።

የቅቤ ገበያ ሥርዓት አለው። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ ጣቱን ይሰዳል። በጥፍሩ ትንሽ ቆንጥሮ እጁ ጀርባ ላይ ያሸዋል፣ ያሸተዋል፣ ይቀምሰዋል። ጣት ያልነካውን ቅቤ የሚገዛ ሞኝ የለም። ሻጭም አይቆጣም። ሻጭ ከተቆጣ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ ሙዝ ቀላቅሎበታል፣ ወይ ሌላ ነገር ጨምሮበታል። ያኔ ገዢው ጣቱን ወደ ላይ ያነሳና ገበያው እንዲሰማ ይናገራል። የሰማው ሁሉ መጥቶ ያያል። አንዳችን ሌላችንን የምንጠብቀው እንዲህ ነው። ይሄን ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ሌላም ሥርዓት አለ። በእኛ አገር የወለደች ሴት አራስ ቤት ቅቤና ሙቹዋ ስትበላ ትከርማለች። ሙቹዋ ከእንሰት የሚሠራ፣ ቅቤ የጠጣ ምግብ ነው። ጉልበቷ ሲመለስ አናቷ ላይ ቅቤ ይደረግላታል፤ ያማረውን ልብስ ትለብስና ገበያ ትወጣለች። ሶፊያ እንለዋለን። የምትወጣው ልትገዛም ልትሸጥም አይደለም። ልትታይ ነው። ሰው ያያታል፣ ይመርቃታል። ሞት ደጃፍ ደርሳ የመጣችውን ሴት አገሩ «እንኳን ተመለስሽ» የሚላት እዚያ ነው። ሶፊያ ያልወጣች አራስ፣ አራስ ቤቷ ተጠራርጎ ልጇ በእግሩ ቢሄድም፣ ውስጧ አንድ ነገር እንደተኛ ይቀራል። እኔ እንዲህ ነው የማምነው።

የማምነው ስለደረሰብኝ ነው። የመጨረሻ ልጄን ስወልድ የሚያወጣኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ሞታለች፣ አማቴ ተቀይማኛለች፣ ባሌ ለሥራ እርሻ ልማት ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። ራሴን አወጣሁ። ከምሸጠው ቅቤ ቆንጥሬ አናቴ ላይ አድርጌ፣ ልጄን አዝዬ ተበላ ገበያ ወረድኩ። የሚያውቀኝ አልነበረም፤ የመረቀኝም የለም። አንዱማ ቅቤዋን አናቷ ላይ ነው እንዴ የምትሸጠው ብሎ ስቆብኛል። ከዚያ ወዲህ በየገበያው የምዞረው ያን ቀን ያላገኘሁትን ምርቃት እየፈለግኩ ይሆናል፤ እንጃ። ያን ቀን ጀርባዬ ላይ ለነበረችው ልጅ ግን፣ አንቺን ራሴ አወጣሻለሁ ብያት ነበር። ተኝታ ነበር፣ አልሰማችኝም።

ያቺ ልጅ ተማረች፣ ቻይና ሄደች፣ እዚያው የሶዶ ልጅ አገባች። አያቱ ከሰሜን የመጡ ሹም ነበሩ፤ እሱ ሶዶ ተወልዶ ሶዶ አድጎ ወላይትኛው «ሳሮ» ብሎ ሰላም ከማለት አያልፍም። ጥሩ ልጅ ነው፣ አልዋሽም። ለእኛ አገር ነጋዴዎች ዕቃ እየመረጠ ይልካል፤ ቻይንኛውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል። ልጄ ስትወልድ ቲኬት ላከልኝ።

ለሶፊያው የሚሆነውን ቅቤ ቦዲቲ ሄጄ መረጥኩ። በእንሰት ቅጠል ጠቀለልኩት፣ በቆርቆሮ አደረግኩት፣ በጨርቅ አሰርኩት። ቻይና አየር ማረፊያ አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ሻንጣዬን አስከፈተችና ጓንት አድርጋ፣ የሞተ አይጥ እንደምታነሳ በሁለት ጣቷ አነሳችው። ቅጠሉን ገለጠች፣ አሸተተች፣ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ጣለችው። በወላይትኛ ለመንኳት፣ በአማርኛ ለመንኳት፤ አንገቷን ትነቀንቃለች። የቦዲቲን ቅቤ ቆሻሻ መጣያ! መቀነቴ ውስጥ የቋጠርኩትን ኮረሪማ ግን አላየችም። እኔም አልነገርኳት።

ቤታቸው ሰማይ ላይ ነው። በሊፍት ነው የሚወጣው። የመጀመሪያው ቀን የልጄ ባል ዕቃ ሲያስገባ ደወል የተሳለበትን ቁልፍ ነካሁ፤ ከግድግዳው ውስጥ ሰው ተናገረ። ሰው ሲናገርህ ዝም አይባልም፤ «ሳሮ!» አልኩት። እሱ ደገመ፣ እኔም ደገምኩ። የልጄ ባል መጥቶ እስኪያስቆመን ድረስ ከግድግዳው ጋር በደንብ ተጫወትን።

ቤት ስገባ ግን ጨዋታው አለቀ። መጋረጃው ተዘግቷል፤ ቀን ነው ግን መብራት በርቷል። ልጄ አልጋ ላይ ግድግዳውን እያየች ተኝታለች። ሕፃኗ ጎኗ አለች። ሳመችኝ፣ አለቀሰች፣ ከዚያ ተመልሳ ተኛች። ትንሽ ልጅ ሳለች የዶሮ ወጥ ሲወጣ እንኳ ወሬዋን የማታቋርጥ ልጅ ነበረች። አሁን የጠየቅኳትን ትመልሳለች፣ በቃ። ታጠባለች፣ ትተኛለች፣ ስልኳን ታያለች። ስትስቅ አላየሁም። የሚያስፈልጋትን ሁሉ ስልኩን ነካ ታደርግና ዕቃው በር ላይ ይመጣል፤ አምጪው ሰው አስቀምጦ ይሄዳል፤ እሱ ከሄደ በኋላ ነው በሩ የሚከፈተው። ሰው ሳያዩ መብላት እንደዚህ ነው።

«መች ነው የምንወጣው?» አልኳት ጉልበቷ ሲመለስ።

«ወዴት?»

«ገበያ ነዋ። ሶፊያሽን።»

«እማዬ፣ እዚህ ገበያ የለም። ሁሉም በስልክ ነው። ደግሞ እኔ ቅቤ ተቀብቼ ሰው መሃል? ሞቼ ነው!»

«አንድ ጊዜ ሞተሽ መጥተሻል፤ ሁለተኛው አይከብድሽም።»

አልሳቀችም። ግድግዳውን ማየት ጀመረች።

የልጄ ባል ደግሞ በየጠዋቱ ሲወጣ አንድ ነገር ነው የሚለኝ። «እማማ፣ እባክዎን ብቻዎን እንዳይወጡ። ሰፊ አገር ነው፣ ቋንቋ የለዎትም።» ስልክ ቁጥሩ ያለበት ካርድ አንገቴ ላይ አንጠልጥሎልኛል፤ የሚተረጉም ስልክም ሰጥቶኛል። ስልኩ ላይ በወላይትኛ ብናገር ዝም ይላል። በአማርኛ ብናገር አንድ ነገር ይልና፣ በር ላይ ያለው ዘበኛ ዓይኑን ያፈጣል። ስልኩ ወላይትኛ አያውቅም። እኔ ቻይንኛ ስላላወቅኩ ምስኪን የሚሉኝ፣ ስልኩን ለምን ምስኪን አይሉትም?

አንድ ጠዋት መጋረጃውን ትንሽ ከፍቼ ታች አየሁ። አንዲት ሴት ጀርባዋ እንደ እኔ የጎበጠ፣ ከዘንቢሏ ጎመን ተንጠልጥሎ ትሄዳለች። ጎመኑ ሥሩ ላይ አፈር አለው። አፈር ያለው ጎመን በስልክ አይመጣም። ከፊቷ የነበሩት ሌሎችም እንደዚያው ተሸክመው ነው የሚመለሱት። ገበያ የለም ያለችኝ ልጄ አልዋሸችኝም፤ አታውቅም። ይሄን ያህል ዘመን ኖራ፣ አንድ ቀን ወርዳ አላየችም።

ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ካርዱን በነጠላው ሥር ደበቅኩት፣ ወጣሁ። ባዶ ዘንቢል የያዘች ሴት ጠብቄ ተከተልኳት። መንገድ እንደዚህ ነው የሚጠየቅ፤ ባዶ ዘንቢል ወደ ገበያ ነው የሚሄድ፤ ሙሉ ዘንቢል ወደ ቤት። ይሄን ለማወቅ ቋንቋ አያስፈልግም። የምመለስበትንም ምልክት አድርጌያለሁ፤ የዳቦ ቤቱን ሽታ፣ የወደቀውን ብስክሌት፣ የተቆረጠውን ዛፍ። ማን ነው የጠፋው?

ገበያው ከሁለት ሕንፃ መሃል፣ ጠባብ መንገድ ላይ ተዘርግቷል። ገባሁ። ጩኸት አለ! ጭቃ አለ! ዶሮ አለ፣ ዓሣ አለ፣ የሚገፋፋ ሰው አለ! ተበላ ቅዳሜ የገባሁ መሰለኝ። ትንሽ እልፍ ስል ምን አየሁ? ቦይና! ጎደሬ የምትሉት፣ ያው የእኛ፣ ፀጉሩም ያው። ቻይና መሬት ላይ ተከምሯል። ከኋላው አንዲት አሮጊት ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ቁጢጥ አልኩና አንዱን አነሳሁ፣ በጥፍሬ ጫር አደረግኩት፣ እንደምናደርገው። እሷ አየችኝ። ያነሳሁትን ከእጄ ወሰደችና ከሥር ሌላ አውጥታ ሰጠችኝ። ይሄኛው ይሻላል ማለቷ ነው። ጫር አደረግኩት፣ እውነትም ይሻላል።

የምከፍለው የለኝም፤ እዚያ ሁሉም በስልክ ነው የሚከፍል። መቀነቴን ፈትቼ ኮረሪማ ሰጠኋት። አሸተተችው። ዓይኗ በራ። አጠገቧ ካለው ቅመም ሻጭ ፊት እጇን ሰደደችና አንድ የደረቀ ፍሬ አንስታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ኮረሪማን የሚያህል፣ የሚመስል፤ ሽታው ግን እንደ ጭስ። የእኔንና የእሷን ጎን ለጎን አድርገን አየናቸው። የእህትማማች ልጆች። ስለ ጉልበቷ ነገረችኝ፤ እየደበደበች ነው ያሳየችኝ። እኔም የእኔን ደበደብኩላት። ስለ ልጄ ነገርኳት፤ ሆዴን አሳየኋት፣ ክንዴን አቅፌ ወዘወዝኩ፣ ከዚያ ጉንጬን መዳፌ ላይ አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ገብቷታል። አንገቷን ነቅንቃ እንደ እኛ ሴቶች በምላሷ ጠጠጠ አለች።

ከዚያ ነው ነጩን ያየሁት። ማዶ አንድ ሰውዬ ፊት በትልቅ ጎድጓዳ ሣህን ነጭ፣ የረጋ፣ የሚያብረቀርቅ። ቅቤ! ለልጄ አናት!

ሄጄ ጣቴን ሰደድኩ።

ሰውዬው ጮኸ። እጄን ሊመታ ቃጣው፣ ሣህኑን ወደ ራሱ ሳበ። ሻጭ ሲቆጣ ምን ማለት እንደሆነ ነግሬአችኋለሁ። እጄ ጀርባ ላይ አሸሁት፣ አሸተትኩት፤ የቅቤ ሽታ የለውም፣ ወተት ያየ ነገር አይደለም። ስብ ነው! ይባስ ብሎ ይጮኽብኛል! እንግዲህ አንድ ቅቤ ነጋዴ ማድረግ ያለበትን አደረግኩ። ጣቴን አነሳሁና ገበያው እንዲሰማ፣ «ይሄ ቅቤ አይደለም! ቀላቅሎበታል! እንዳትገዙት!» አልኩ። በወላይትኛ አልኩ፣ ለማይሰማ ደግሞ በአማርኛ ደገምኩ። ሰው ተሰበሰበ። እኛ አገር የሚሰበሰበው ጣቱን ሊያይ ነው፤ እነሱ ግን ስልካቸውን ቀሰሩብኝ። ጣቴን አላወረድኩም። ሰውዬው እየጮኸ ሣህኑን ያሳያል፣ እኔ ጣቴን። ቪዲዮው ይሄ ነው። ይሄው ብቻ ነው።

አንዲት ፖሊስ ልጅ መጣችና በእርጋታ ነጠላዬን ገለጠች፣ ካርዱን አገኘችው፣ ደወለች። ቦይና ሻጯ ዱካዋን አምጥታ አስቀመጠችኝ። የልጄ ባል ላቡ እየተንጠባጠበ ደረሰ። ከሰውዬው ጋር ተነጋገረ፣ አጎነበሰ፣ ይቅርታ ለመነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ፣ «እማማ፣ የአሳማ ስብ ነው። ለምግብ መጥበሻ ነው የሚሸጠው። ቅቤ ነው አላለም እኮ» አለኝ።

የአሳማ! እጄን በነጠላዬ ጠረግኩ፣ ከዚያ ነጠላውን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ቤት እንደገባን ተቀመጠና ወለሉን አየ። «እማማ፣ እንዳይቀየሙኝ። ቲኬቱን ልቀይረው። በቶሎ ቢሄዱ ይሻላል።»

«ለማን ነው የሚሻለው?»

«ለእርስዎ ነዋ። የባሰ ቢያጋጥምዎትስ? ቋንቋ የለ...»

«አንተ ልጅ፣ ይሄን አማርኛ ማን አስተማረኝ?»

ቀና ብሎ አየኝ።

«ሶዶ ስመጣ አንድ ቃል አላውቅም ነበር። ቢሮ ገብቼ 'ይቺ ምን ትላለች?' እየተባባሉ ስቀውብኛል። እንደ ሴት አያትህ ያሉ እመቤቶች ቅቤዬን አሽተው ሲጠይቁኝ ጣቴን እያወጣሁ ነው የሸጥኩላቸው። ያንተን ቋንቋ ገበያ ላይ ቁጭ ብዬ ተማርኩት። አንተ የእኔን አልተማርክም፣ እዚያው ተወልደህ። ቋንቋ የላትም የምባለው ግን እኔ ነኝ።»

ጆሮው ቀላ። ልጁ አጥፍቶ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን ነገሩ ሲወጣ ወጣ።

«ልጄን ገበያ ሳላወጣ አልሄድም። ካስፈለገ ፖሊሷን መልሰህ ጥራት።»

ያኔ ከመኝታ ቤት የራሴን ድምፅ ሰማሁ። «ይሄ ቅቤ አይደለም!» ቆም ይላል፣ እንደገና፤ «ይሄ ቅቤ አይደለም!» ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ልጄ ሕፃኗን ይዛ በሩ ላይ መጣች። ተነስታ ሳሎን ስትመጣ እኔ ከመጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው እየሳቀብሽ ጣትሽን አላወረድሽም።»

«ለምን አወርዳለሁ? እውነቴን ነው።»

«ሰውዬው ቅቤ ነው አላለሽም እኮ!»

«ታዲያ ለምን ተቆጣ?»

የከንፈሯ ጫፍ ትንሽ ተነቃነቀ። ከዚያ መልሳ ከሰመች። «እኔ» አለች፣ ባሏን ሳይሆን ወለሉን እያየች፣ «የመጣሁ ሰሞን ሱቅ ገብቼ የሆነ ነገር ጠየቅኩ። በትክክል አላልኩትም መሰለኝ፣ ሳቁ። ሦስት ልጆች ናቸው የሳቁት። ቻይንኛ እሰማለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አፌን ከፍቼ አላውቅም።» ባሏ ቀና ብሎ አያት፤ ይሄን አልሰማም ነበር። እሱ ሲናገርላት፣ ስልኩ ሲናገርላት፣ የእሷ አፍ እንደተዘጋ ማን ያየዋል?

ስልኩን አንዴ አየችው። «ገበያው ሩቅ ነው?»

«አይደለም» አልኳት። «የዳቦ ሽታ ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

የልጄ ባል ጫማውን አድርጎ ወጣ። ሲመለስ በብር ወረቀት የተጠቀለለ ቅቤ ይዟል። ስለ ቲኬቱ አላነሳም። ወረቀቱን ገለጠና በሁለት እጁ ያዘልኝ፤ ጣቴን እየጠበቀ ነው። ቆነጠርኩ፣ አሸሁ፣ አሸተትኩ፣ ቀመስኩ።

«ጨው አለበት።»

«ጨው የሌለውም አለ፣ እማማ» አለና ተመልሶ ወጣ። ያን ጊዜ ወደድኩት፤ ከበፊቱም በላይ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን አዘጋጀኋት። ከሻንጣዬ ሥር ያስቀመጥኩትን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለውን የወላይታ ልብስ ለበሰች። አናቷ ላይ ቅቤውን አደረግኩ፤ በስሱ ነው እንዳትሉ፣ እንዲታይ አድርጌ ነው። ሊፍት ውስጥ ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ መውረድ ሲጀምር አንዲት ጎረቤት ደንግጣ ሶፍት ዘረጋችላት። የልጄ እጅ ሊቀበል ተነሳ፤ ያዝኩት። «ይውረድ» አልኳት። «ይታይ።» ዓይኗን ጨፍና ቆመች፣ አውቃለሁ፣ በሩ ተመልሶ ወደ ላይ እንዲወስዳት ትመኝ ነበር። ሕፃኗን ባሏ አቅፏታል። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ፤ መመለሻ አልሰጠኋትም።

ገበያው አፍ ላይ ስንደርስ ቆመች። እጄን ጨበጠችኝ። «ሁሉም እያዩኝ ነው፣ እማዬ።»

«ለዚሁ ነው የመጣሽው።»

ስብ ሻጩ መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። ዘሎ ተነሳ። ሣህኑን በሁለት እጁ አቀፈው። ይሄ አልበቃ ብሎት ክዳን ደረበበት፤ ክዳኑ ላይ ጋዜጣ ዘረጋ፤ ጋዜጣው ላይ ድንጋይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ሁለት እጁን ድንጋዩ ላይ ጫነና አፈጠጠብኝ። እኔም ጣቴን ቀስ አድርጌ አነሳሁለት።

ልጄ ሳቀች። ከሆዷ ነው የሳቀችው፣ እንደ ድሮዋ፣ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ይዛ። ቅቤው በአፍንጫዋ ይንጠባጠባል። ሕፃኗ ነቅታ አለቀሰች። ሰውዬው ስትስቅ አያትና ራሱም መሳቅ ጀመረ፤ እጁን ግን ከድንጋዩ አላነሳም።

ቦይና ሻጯ ከዱካዋ ተነስታ መጣች። ልጄን አየች፣ ሕፃኗን አየች፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጣቷን ሰደደችና ከልጄ ግንባር ላይ ትንሽ ቅቤ ቆንጥራ እጇ ጀርባ ላይ አሸችው፣ አሸተተችው። ትናንት እኔ ሳደርግ አይታ ነው። አንገቷን ነቀነቀች፤ ይሄኛው ቅቤ ነው። ዞራ ተጣራች። ዓሣ ሻጯ መጣች፣ ቅመም ሻጩ መጣ፣ ሌሎችም ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው ከበቡን። አሮጊቷ በጣቷ ወደ ሕፃኗ እያመለከተች ረጅም ነገር ተናገረች። እኔ በየመሃሉ «አሜን! አሜን!» እላለሁ።

«እማዬ» አለች ልጄ እየሳቀች፣ «እየመረቀችን እኮ አይደለም። 'ለዚች ሕፃን እግሯን ለምን አላለበሳችሁላትም፣ ብርድ ሊገድላት ነው' እያለች ነው የምትቆጣን።»

«ይሁን፤ አሜን በይ።»

«አሜን» አለች ልጄ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞራ በቻይንኛ አንድ ነገር መለሰች። ባሏ አፉን ሊከፍት ነበር፣ በክርኔ ጎሸምኩት። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ተሳስታለች መሰለኝ። ልጄ ቀላች፣ ቆመች፣ እንደገና ጮክ ብላ ደገመችው። አሁንም ሳቁ። አንዷ አስተካከለችላት፤ ልጄም ተከትላ አለችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ዓሣ ሻጯ ካልሲ ይሸጥ ወደነበረ ሰው እጇን ይዛ ወሰደቻት፤ ለካ ካልሲ የት ይገኛል ብላ ነው የጠየቀችው። ለሕፃኗ ካልሲ ገዛች። በአፏ ገዛች። ሲያስወድድባት ስትከራከር ሰማኋት፤ ቃሉ ባይገባኝም ዜማው ይገባኛል፤ የተበላ ገበያ ዜማ ነው።

ያን ቀን ማንም ስልክ አልቀሰረብንም። ስለዚህ ሶዶ አልደረሰም።

አሁን ልጄ የምትደውልልኝ ከዚያው ገበያ ነው። ቦይና እየመረጠች ታወራኛለች፤ ከኋላዋ ጩኸቱ ይሰማኛል። ያ ስብ ሻጭ እሷ ባለፈች ቁጥር ሣህኑን ይከድናል አለችኝ፣ እኔ እንኳ ሳልኖር።

«ክዳኑን እንዳያርቀው ንገሪው» አልኳት። «ተመልሼ እመጣለሁ።»